ወተቱ ለድመት ነው

በፍልሰታ ጾም፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ከተማ ውስጥ፣ አንድ ልጅ አሳድጎ የዳረ ሰው የወተት ጠርሙስ በብብቱ ሸጉጦ በጓሮ በር ሹልክ ብሎ ሲገባ ብታዩት ምን ትላላችሁ? የምትሉትን አውቃለሁ። እኔም ሌላውን ሰው ባየው ያንኑ ነው የምለው። «ለድመት ነው» ቢለኝማ ጭራሽ በሳቅ እፈርስ ነበር። ግን እውነቴን ነው፣ ለድመት ነበር። ከሰፈራችን ሰው ይህን ያመነልኝ ስለሌለ እስቲ እናንተ ስሙኝና ፍረዱኝ።

መጀመሪያ ከእቴጌ ጋር ላስተዋውቃችሁ። እቴጌ ድመታችን ናት። «ድመታችን» የምለው ለወጉ ያህል ነው እንጂ የባለቤቴ የጥሩወርቅ ድመት ናት፤ እኔ በዚያ ቤት የምኖረው በሁለቱ መልካም ፈቃድ ነው። ጥሩወርቅ ከእናቷ ቤት ከጅጋ በቅርጫት ይዛት ስትመጣ ከቡጢ አትበልጥም ነበር። ዛሬ አመድማ፣ ደረተ ነጭ፣ ስትራመድ መሬቱን እየመረጠች የምትረግጥ ወይዘሮ ሆናለች። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። የፊት ለፊቷ ክፍል ሱቄ ናት፣ የኋላዋ መኖሪያችን ናት፣ በሁለቱ መሀል የጤፍ ጆንያ ይቆለላል። እቴጌ ከመምጣቷ በፊት አይጥ የአንድ ሙሽራን ኮት ትከሻ በልቶ አዋርዶኛል። ከመጣች ወዲህ ግን አይጥ በዚያ ቤት በኩል ማለፉንም የተወ ይመስለኛል።

እኔ እቴጌን የማደንቃት ግን በአይጡ አይደለም። በጨዋነቷ ነው። ሥጋ ገበታ ላይ ትታችሁ ብትወጡ፣ አጠገቡ ቁጭ ብላ ስትጠብቅላችሁ ታገኟታላችሁ። ጾም ሲገባ ደግሞ ሳትነጫነጭ ከእኛው ጋር የሽሮ ፍትፍት ትበላለች። ጥሩወርቅ አንድ ክረምት በጽኑ ታማ የተኛች ጊዜ፣ እቴጌ ከእግሯ ሥር አልነሣም ብላ አብራት ከረመች። ሐኪም ቤት የሰጡት መድኃኒት እንደ ሠራ እኔ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጥሩወርቅ ግን እስከ ዛሬ «ያዳነችኝ እሷ ናት» ትላለች። እኔም ለመድኃኒቱ ጥብቅና አልቆምም።

እንግዲህ ይህን በመሰለ ቤት ላይ ነው ሌላ ድመት ያመጣሁት።

የፍልሰታ ጾም በገባ ሰሞን አበልጄን አያ ታደለን ልጠይቅ ወደ ቡሬ ሄድኩ። ቤታቸው ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ዘራቸው ከአዊ ስለሆነ ከእኔ ጋር በአማርኛ ያወጋሉ፤ ከሚስታቸው ጋር ስለ እኔ ማውራት ሲፈልጉ በአዊኛ ያወራሉ። ጎተራቸው ሥር አንዲት የዱር አመል ያላት ድመት ወልዳ ኖሯል። ግልገሎቹን ሸለምጥማጥ እየለቀመ ጨርሷቸው፣ እናቲቱም የገባችበት ጠፍቶ፣ የቀረው አንድ ብቻ ነው። ቀይ ዝንጉርጉር፣ ከክር ጥቅል ትንሽ ከፍ የሚል፣ ሰው ሲያይ እንደ ትኩስ ብረት ምጣድ «ጭስስ» የሚል ፍጥረት።

አያ ታደለ ግቢ ውስጥ ደግሞ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ አለ። የቤቱ ልጆች እንኳ ዱላ ሳይዙ በአጠገቡ አያልፉም። እኔ ደጃፉ ላይ ተቀምጬ ሳለ ይህ ዶሮ ወደ ጎተራው ሥር አመራ። ግልገሉ ወጣ። ጀርባውን ቆለመመ፣ ጭራውን እንደ ጠርሙስ መወልወያ አሳበጠ፣ ሸሸ ስል ጭራሽ አንድ እርምጃ ወደ ፊት ቀረበ። ዶሮው ቆም ብሎ ትንሽ አሰበ። ከዚያ ሌላ ቦታ ጉዳይ እንዳለው ሰው ዞር ብሎ ሄደ።

ያኔ ልቤን ወሰደው። እኔ በዕድሜዬ ማንንም እንዲህ አስፈራርቼ አላውቅም፤ ዩኒፎርም ያሰፉ ወላጆች እንኳ «ነገ ካልደረሰ» ሲሉኝ የምንቀጠቀጥ ሰው ነኝ።

«አበልጄ፣ ይህን ይስጡኝ» አልኳቸው።

«ኧረ አበልጄ፣ ይህ ለቤት አይሆንም» አሉ አያ ታደለ። «እዚህ ቢሆንም ብዙ አይሰነብት፤ ያ ሸለምጥማጥ ለሱም ይመለስበታል። ከወሰዱት ግን ዓይኑን ሸፍነው ይውሰዱት። ድመት የመጣበትን መንገድ ካየ ይመለሳል።»

ዓይኑን ልሸፍን ስል ሁለት እጄን ቦጫጨረኝ። በመጨረሻ በጋቢዬ ጠቅልዬ፣ አቅፌ፣ በሚኒባስ ተሳፈርኩ። የሚያሳዝነው፣ መንገዱን አላየም እንጂ ሙሉውን መንገድ ሲሳደብ ነው የመጣው። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ወንበር ቀየሩ።

ጥሩወርቅ በር ላይ ተቀበለችኝ። ፊቴን አየች፣ እጄን አየች፣ ከዚያ ጋቢውን አየች።

«ጋቢህ ለምን ይተነፍሳል?»

ነገርኳት። «አንተ ሰው፣ በፍልሰታ?» አለች። «ቤት ውስጥ ከሽሮና ከጎመን በቀር ምን አለ? ይህ የወተት ልጅ ምን ሊበላ ነው?»

በእውነት አላሰብኩበትም ነበር። ዓመቱን ሙሉ ወተት የማይጠፋበት ቤት አለኝ፤ እኔ ግን ድመት የማመጣው ወተት የሚባል ቃል ራሱ በማይነሣበት ሰሞን ነው። ለጊዜው ግልገሉን ሱቄ ውስጥ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ። ስሙንም በመጣበት አገር ቡሬ አልነው። ቡሬ ከጋቢው እንደ ወጣ የጨርቅ መደርደሪያው ኋላ ገባ፤ ከዚያ በኋላ ሰው ካለ አይወጣም።

እቴጌ ወዲያው ነው ያወቀችው። መጥታ ሱሪዬን አሸተተች። እጄን አሸተተች። ቀና ብላ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ብትቧጭረኝ ይሻለኝ ነበር። አንዳች ድምፅ ሳታሰማ ዞር ብላ ወጣች፤ አረማመዷ ግን ያው መሬት የሚመርጠው አረማመዷ ነበር። ተናድዶ እንዲህ በክብር የሚወጣ ሰው አይቼ አላውቅም።

ስልኬን ከፍቼ ምክር ፈለግሁ። ሁለት ድመት ማላመድ ራሱን የቻለ ሙያ ኖሯል። ለየብቻ አኑሯቸው ይላል፤ አንዱ የሌላውን ሽታ እንዲለምድ ጨርቅ አለዋውጡ ይላል፤ በበሩ ወዲህና ወዲያ የሚወዱትን አብሏቸው ይላል። በጨርቅማ ከእኔ ወዲያ ማን አለ! አንድ ቁራጭ ከሜትር እንጨቴ ጫፍ ላይ አስሬ፣ መደርደሪያው ኋላ ልኬ፣ ቡሬን አሻሸሁትና እቴጌ ከምትተኛበት ምንጣፍ ሥር አኖርኩት። እቴጌ መጣች፣ አሸተተች፣ ከዚያ እንደ ቆሻሻ ቆጥራ ልትቀብረው ወለሉን ትቧጥጥ ጀመር። ይባስ ብሎ ያ ቁራጭ ለአንድ ተማሪ ሱሪ የቆረጥኩት ኪስ ኖሯል። በጥድፊያው ሰፍቼ አስረከብኩት። መስከረም ላይ ድመት የሚከተለው ተማሪ ብታዩ፣ እባካችሁ የማን ስፌት እንደሆነ አትጠይቁት።

በማግሥቱ እቴጌ ለቅቃ ሄደች። የጎረቤታችን የእትዬ የሻረግ ላም በረት ጣሪያ ላይ ወጥታ፣ በዚያ የነሐሴ ዝናብ፣ ፊቷን ወደ ቤታችን ጀርባዋን ወደ ላሟ አድርጋ ተቀመጠች። ጥሩወርቅ ከታች ቆማ ለመነቻት፣ ፍትፍት ይዛ ለመነቻት፤ አልወርድም አለች። ጥሩወርቅ ነጠላዋ ረጥቦ ገባችና መደብ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። ሚስቴ በቀላሉ የምታለቅስ ሰው አይደለችም።

«ስማኝ» አለችኝ ፊቷን ጠርጋ። «ፍስክ እስኪገባ እታገሥሃለሁ። እስከዚያ እቴጌ ተመልሳ ከሱ ጋር ካልታረቀች፣ ልጁን በጋቢህ ጠቅልለህ ካመጣህበት ታደርሳለህ።»

«ሸለምጥማጡስ?»

«ታዲያ የኔዋ በብርድ ትሙት?»

ሁለቱንም እፈልጋቸዋለሁ፤ ከሁለቱም የማገኘው ግን ስድብ ብቻ ነበር።

ወደ ወተቱ ልምጣ። ቡሬ ሽሮ ሲቀርብለት እንደተሰደበ ሰው ያየኛል፤ ጎድኑ እየታየ መጣ። ስለዚህ ጠርሙስ ይዤ እትዬ የሻረግ ዘንድ ሄድኩ። እትዬ የሻረግ ደግ ሴት ናቸው፤ ምላሳቸው ብቻ ከሰፈሩ ሁሉ ቀድሞ ይነሣል። በጾም ወተት አይሸጡም፤ ለፍስክ ቅቤ ያጠራቅማሉ።

«ለማነው?» አሉኝ።

«ለድመት ነው፣ እትዬ።»

ቀና ብለው የበረታቸውን ጣሪያ አዩ። እቴጌ ቁጭ ብላለች። ከዚያ እኔን አዩኝ።

«ድመታችሁ እኮ እዚህ ናት።»

«ሌላ አለን። ከቡሬ ያመጣሁት።»

«አሃ» አሉ። እንዲህ ዓይነት «አሃ» ሰምታችሁ ከሆነ የጎጃም ሰው ናችሁ። ወተቱን ቀድተው ሰጡኝና «ጠጣ... ማለቴ አጠጣው» አሉኝ።

ድመቱን ላሳያቸው ሱቄ ድረስ ጠራኋቸው። መጡ። መደርደሪያውን አንቀሳቀስኩ፣ በሜትር እንጨት ጎረጎርኩ፣ «ቡሬ፣ ቡሬ» እያልኩ ተንበርክኬ ተጣራሁ። አንድ ጸጉር እንኳ አልታየም። እትዬ የሻረግ ራሳቸውን በሐዘን ነቀነቁና «አይዞህ፣ ጾም ለሁሉም ይከብዳል» ብለውኝ ሄዱ።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደተባለ በጆሮዬ አልሰማሁም፤ ግን ሰው ሲያየኝ ጢሜን እንደሚያይ አስተዋልኩ። ጥሩወርቅ ላይ ነው የከፋው። እሷ የእመቤታችን ማኅበር አባል ናት፤ በስሟ ላይ ጉድፍ የማትወድ፣ ቅዳሴ ሳይወጣ ውኃ የማትቀምስ ሴት ናት። እሷ ስትደርስ ሴቶቹ ወሬ ማቋረጥ ጀመሩ። «ወተት በሚጠጣ ባል ስም ልጠራ?» አለችኝ፤ እያወቀች፣ ቡሬ የጠጣበትን ሳህን በእጇ እያጠበች። እኔም ወተቱን በዋናው በር ማስገባት ትቼ በጓሮ በር አደረግሁት፤ ነገሩን ያባሰውም እሱ ነው። ሰው እውነተኛ ሆኖ ሳለ በጓሮ በር ከገባ ማን ያምነዋል?

ጾሙ ሊያልቅ ሲቃረብ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ዝናቡ ይወርዳል። እኔ ሱቅ ውስጥ በሆዴ ተኝቼ፣ ወተት በሳህን ይዤ፣ መደርደሪያው ሥር ቡሬን እለማመጣለሁ። ዓይን ቢወጉ የማይታይ ጨለማ ነው። ጠጋ አልኩ። ትንሽ አብዝቼ ጠጋ ብዬ ኖሮ፣ ቡሬ ሳህኑን በጥፊ አለው። ወተቱ ግማሹ በእሱ ላይ፣ ግማሹ በእኔ ፊት ላይ ፈሰሰ። በዚያች ቅጽበት በሩ ተንኳኳ።

«ቤቶች! እንደምን ዋላችሁ?»

የነፍስ አባታችን መምሬ አለልኝ ናቸው። ጥሩወርቅ ከጓዳ እየሮጠች መጥታ ከፈተችላቸው። ገቡ፣ መስቀል አሳለሙን፣ ጃንጥላቸውን አራግፈው በርጩማው ላይ ተቀመጡ። እኔ ፊቴን መጥረግ ረስቼዋለሁ። መምሬ አለልኝ ደግሞ ነገርን በቀጥታ አይናገሩም፤ ዞር አድርገው ነው የሚያመጡት።

«ዘንድሮ እንደምን ነህ ልጄ? ሽበቱ ፈጠነብህሳ፤ ጢምህ ነጭ ሆኗል» አሉኝ።

«እ... አባቴ...»

«ግድ የለም፣ ሽበት ክብር ነው። የሚንጠባጠብ ሽበት ግን ዛሬ ገና አየሁ።»

ጥሩወርቅ በነጠላዋ ፊቷን ሸፈነች። እኔም እግራቸው ላይ ወድቄ «አባቴ፣ ለድመት ነው» አልኩ። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም ውሸት መሰለኝ።

«የታለ ድመቱ?»

መደርደሪያውን አሳየኋቸው። መደርደሪያው ዝም አለ። መምሬ ረጅም ትንፋሽ ተነፈሱና «ሰው ይደክማል፤ ፈጣሪም ያውቀዋል። አልቆጣህም። ጥቂት ስግደት ጨምርና እኔም እጸልይልሃለሁ» አሉ። በሚስቴ ፊት፣ ባልጠጣሁት ወተት፣ ቀኖና ተቀበልኩ።

ያን ጊዜ ነው ከመደርደሪያው ሥር አንድ ድምፅ የወጣው። ከመጣ ጀምሮ «ጭስስ» እንጂ ሌላ ነገር ሰምተንበት አናውቅም። አሁን ግን ረጥቦ፣ በርዶት፣ ቀጭን ልቅሶ አለቀሰ። ያ አውራ ዶሮ ያባረረ ጀግና፣ እንደ ማንኛውም እናት እንደሌለው ልጅ «ሚያው» አለ። አንጀቴን በላው። ተነሥቼ ልደርስለት ስል ጥሩወርቅ እጄን ያዘችኝ።

እቴጌ መስኮቱ ላይ ቆማለች። ከጣሪያው እንዴት እንደወረደች ማናችንም አላየንም። ጸጉሯ ከዝናቡ የተነሣ ከገላዋ ላይ ተለጥፏል፤ እንደዚያም ሆና እቴጌ ናት። ወደ ወለሉ ወረደች። እኔን አለፈችኝ፣ የመምሬን ጫማ አለፈች፣ መደርደሪያው ሥር ሄዳ ቆመች። ቡሬ በወተት ተነክሮ ወጣ። ጀርባውን ቆለመመ። እቴጌ የፊት እግሯን አነሣች።

ጥሩወርቅ «በስመ አብ» አለች።

እቴጌ ያነሣችውን እግር አናቱ ላይ አሳረፈችው። ጫን አደረገችው። ከዚያ ከጆሮው ጀምራ ትልሰው ጀመረች። አንድ ጊዜ ሊያመልጥ ሞከረ፤ መለሰችውና አንገቱን ቀጠለች። የተቆለመመው ጀርባው ቀስ እያለ ረገበ።

«እግዚኦ!» አሉ መምሬ አለልኝ በመጨረሻ። «ለካ ድመት አለ።»

«እንዲያው አባቴ፣ ስግደቱስ ይቀርልኛል?» አልኩ ጊዜ ሳላጠፋ።

«ስግደት ማንን ጎድቶ ያውቃል? ቀኑን ሙሉ ስፌት መኪና ላይ ጎብጠህ ነው የምትውል፤ ወገብህን ያፍታታልሃል» ብለው ሳቁ። ተነሥተው ባርከውን ወጡ።

እኔ ጮቤ ልረግጥ ነበር። ጥሩወርቅ ግን አልተደሰተችም።

«ወተቱን ነው እኮ የላሰችው። ጾም አንገብግቧት ወተት አግኝታ ነው» አለች። «ነገ ይደርቃል። ያኔ እናያለን።»

እውነቷን ነበር፤ ልቤ ተመልሶ ወረደ። ነገ የጾሙ የመጨረሻ ቀን ነው። ጋቢዬን አጥባ ገመድ ላይ አስጥታልኛለች፤ ለምን እንደታጠበ ሁለታችንም አልተነጋገርንበትም።

በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ አባራ። መብራት ስለሌለ ብርሃን እንዲገባ የሱቁን በር በሰፊው ከፈትኩት። የኋላው ክፍል ጣሪያ አፍስሶ ወለሉ ረጥቧልና ስግደቴን እዚያው ሱቅ ውስጥ ጀመርኩ። መምሬ እንዳሉት ወገቤ ይንቋቋ ነበር። አንዴ ግንባሬን ወለል አስነክቼ ልነሣ ስል፣ በስፌት መኪናው እግሮች መሀል አየሁ።

በጎኑ በወደቀው የቁርጥራጭ ጨርቅ ማስቀመጫ ቅርጫቴ ውስጥ እቴጌ ተጋድማለች። ቡሬ አገጯ ሥር ገብቶ ተኝቷል፤ አንድ እግሩን አፍንጫዋ ላይ ዘርግቷል። ጸጉሩ ከደረቀ ቆይቷል፤ የወተት ጠብታ እንኳ የለበትም። ቆሜ ብሆን የመኪናው ጠረጴዛ ይከልላቸው ነበር፤ የሚታዩት ለሰገደ ሰው ብቻ ነው። እቴጌ አንድ ዓይኗን ገለጥ አድርጋ አየችኝ። ከዚያ ከደነችው። ይቅር እንደተባልኩ ታወቀኝ።

እንደ ሰገድኩ ቀረሁ።

«አንተ ሰውዬ፣ ምነው ሳትነሣ?» አለች ጥሩወርቅ ከጓዳ ብቅ ብላ። ደንግጣ እየሮጠች መጣች። ቅርጫቱን በጣቴ አሳየኋት። አጠገቤ ተንበረከከች፣ ግንባሯን ወለሉ ላይ አደረገች፣ አየች። ከዚያ ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ ተሰማኝ። እያለቀሰች ነው።

በተከፈተው በር ጥላ ገባ። እትዬ የሻረግ ናቸው፣ ወደ ገበያ ሲያልፉ።

«ውይ ውይ! ጥሩዬ» አሉ በሐዘን፣ «አንቺም ወተቱን ቀመስሽ?»

ጥሩወርቅ ልትመልስ አየር ስትስብ ሰማኋት። ሚስቴን አውቃታለሁ፤ በስሟ የመጣባትን ሰው ቆማ ነው የምትመልሰው፣ ነገሩ እስኪጠራ ድረስ አትቀመጥም። ቅርጫቱ ውስጥ ቡሬ ተነቃነቀ። እቴጌ አገጯን ጫን አደረገችበት። ጥሩወርቅ የሳበችውን አየር መልሳ ዋጠችው።

«እግዜር ይፍታሽ እቱ» ብለው እትዬ የሻረግ ሄዱ። ከመንገዱ ማዶ ሰው ሲጣሩ ይሰማናል።

«ተነሺና ንገሪያቸው እንጂ፤ አገሩን ሳያዳርሱት» አልኳት በሹክሹክታ።

ጥሩወርቅ ግንባሯን ከወለሉ አላነሣችም።

«ተዋቸው» አለችኝ። «ይተኙ።»